ርእሰ መምህር ስንል

የትምህርት ቤት ኃላፊ በቋንቋችን ያለው ስም ብዙ ይናገራል። ርእሰ መምህር ማለት የመምህራን ራስ ማለት ነው፤ የማኅተምና የወንበር ራስ አይደለም።

አጀማመራችንም ከዚሁ ይቀርባል። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከግብፅ የመጡት መምህራን አስተማሩም አስተዳደሩም፤ ኃላፊያቸው ሐና ሳሊብ ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ የበላይ ኃላፊነቱ ለሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ተሰጠ። ጉድለት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ግን አስተማሪና ዐዋቂ ይፈለግ ነበር።

መምህሩን ሳይጠይቁ ትምህርትን መምራት ምን እንደሚያመጣ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነው። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የማሻሻያ ዕቅድ ክፉ ብቻ አልነበረም፤ መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስ ይፈልግ ነበር። ነገር ግን ባለሙያዎች ጨርሰውት ይፋ ሲሆን መምህሩ እንደማንኛውም ሰው ሰማው። የደመወዝ ብሶትም ተጨመረበትና በየካቲት ሥራ ቆመ። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። መስከረም 1967 ላይ ዘውዱ ራሱ ወረደ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዚህ የተማረ ይመስል ነበር። አስተዳደሩ ያልተማከለ፣ ሙያዊና መምህራንን የሚያሳትፍ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ወረቀቱስ ጥሩ ነው።

ኢምፔሪያል፣ በሆቴል ስም በተጠራው በዚያ ሰፈር፣ ከመምህራን ጋር ቡና ብትጠጡ የምትሰሙት ግን ሌላ ነው። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት መምህር «አለቃችን ከወረዳ ስብሰባ አይወጣም» ይላችኋል። የግሉ ደግሞ «አለቃችን ባለሀብቱን እንጂ ክፍላችንን አያውቅም» ባይ ነው። ሁለቱም «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ብለው ይደመድማሉ። ርእሰ መምህሩን ብትጠይቁት እሱም ያንኑ ተረት ወደ ላይ ይወረውራል። ታዲያ አናቱ የት ነው?

ነገሩ የመምህራን ክፍል ወሬ ብቻ አይደለም። ኬኔት ሌይትውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉ ምክንያቶች ለተማሪው ውጤት ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ የሚመጣው አመራር መሆኑን ጽፈዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በርእሰ መምህራን ላይ መጫን ግፍ ነው። ግን ክፍለ ጊዜው በስብሰባ ሲበላ፣ መምህሩ ሲቀር የሚተካው ሲጠፋ፣ ጀማሪው መምህር የሚያርመውና የሚያበረታው ሲያጣ ማን ይጠየቅ?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ስለ ክፍያውና ስለ ሰርቪሱ መጠየቃችሁ አልቀረም። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ርእሰ መምህሩ በሳምንት ስንት ጊዜ ክፍል ይገባል? መልሱን ከቢሮው ሳይሆን ከመምህራኑ ስሙ።