የላብ ዋጋ በተንቀሳቃሽ ምስል

ከአዲሎና ከዱራሜ፣ ከሆሳዕናም ዙሪያ ወጥቶ በጉልበት ማደር የከምባታና የሐዲያ ሕዝብ የረጅም ዘመን ታሪክ ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 በወንጂ ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ፣ ሸንኮራ አገዳውን ከቆረጡት እጆች ብዙዎቹ የዚህ አካባቢ ተወላጆች ነበሩ። ስኳሩ በየቤቱ ገባ፤ የቆራጩ ድካም ግን አብሮት አልገባም። የተሠራው ዕቃ ሠሪውን ይሸፍነዋልና። ይህን መጋረጃ ለመግለጥ ከተነሡት ጥበባት አንዱ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው።

ይሁን እንጂ ጥበቡ ሲወለድ የሠራተኛው ወገን አልነበረም። ፈረንሳዊው ሉዊ ሉሚየር እ.ኤ.አ. በ1895 ሊዮን ከሚገኘው የቤተሰቡ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲወጡ ቀረጸ። ካሜራው የባለንብረቱ ነበርና ከበሩ ውጭ ቆመ፤ በውስጥ የሚፈሰውን ላብ አላሳየም።

በአገራችን ካሜራውን ወደ ሠሪው ያዞረ ታላቅ ሥራ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ዘውዳዊው ሥርዓት በወደቀበት ወቅት በኢትዮጵያ ገጠር ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 የቀረበው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ለባለርስት የሚገብር የጭሰኛ ቤተሰብን ውሎ ይከተላል። ካሜራው አይቸኩልም፤ ተመልካቹ የሥራውን ቀን ርዝመት በራሱ ትዕግሥት ይለካል። ተቃውሞው መሬቱን የተነጠቀው ከበበ በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በዚህ ርዝመት ውስጥም ይገኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። የጉልበት ዋጋ ጥያቄ ግን አልተሻረም፤ ርካሽ እጅ ፍለጋ ከአገር አገር ከሚዞረው የልብስ ፋብሪካ ጋር ተጓዘ። በታይዋን አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የሰፊዎቹን የስንብት ክፍያ ሳይከፍል ተዘጋ። የቪዲዮ ሠዓሊው ቼን ቺየ ጀን እ.ኤ.አ. በ2003 ሴቶቹን ወደ ባዶው አዳራሽ መልሶ «ፋብሪካ» የተሰኘውን ድምፅ አልባ ሥራ ሠራ። ሴቶቹ በዝምታ እንደገና ይሰፋሉ፤ ያልተከፈለው ዕዳ በምስል ይቆጠራል።

ያው ኢንዱስትሪ ወደ እኛም መጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ የደቡብ ወጣት ሴቶችን አሰባሰበ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር መሆኑንና ይህም በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታየው «በኢትዮጵያ የተሠራ» የተሰኘው የሺንያን ዩና የማክስ ደንከን ዘጋቢ ፊልምም በዱከም ያለውን የቻይና ኢንዱስትሪ ዞን ከሥራ አስኪያጇ፣ ከፋብሪካ ሠራተኛዋና ከገበሬዋ ወገን አሳየ። ካሜራው በመጨረሻ በሩን አልፎ ገባ።

ምስል ብቻውን ደመወዝ አይጨምርም። ሆኖም «አላየሁም» የሚለውን ማመካኛ ይነጥቃል። የወንጂ አገዳ ቆራጮችን ያስታወሱ አረጋውያን በከምባታና በሐዲያ ቀዬዎች ሳያልፉ፣ የልብስ ሰፊ ልጆቻቸውም ቃል ሳይደበዝዝ፣ የባህል ተቋሞቻችን ካሜራውን ለባለታሪኮቹ ራሳቸው ሊያስጨብጡ ይገባል።