ስም የለሾቹ የነገሌ ወታደሮች

ባለፈው ዓመት ለአሬሮ ልጆች አንድ የቴሌግራም ቦት ሠራሁ። ማንም ሰው ስሙን ሳይገልጽ ለቦቱ ይጽፋል፣ ቦቱ ደግሞ ጽሑፉን ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፤ በቃ። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ያለቀ ኮድ ነው። መጀመሪያ የመጣው የፍቅር ጉዳይ ነበር። ከዚያ ሥራ ማጣት፣ ከዚያ የቤተሰብ ጣጣ። በሦስተኛው ወር ግን አንድ ሰው በድርቁ ጊዜ የመጣው የቦቴ ውኃ መጀመሪያ የማን በር ላይ ይራገፍ እንደነበር ጻፈ። (ቦቴ ስል መኪናውን ነው፣ የእኔን ቦት አይደለም።)

በማግስቱ የማከብራቸው አንድ የከተማችን ሰው ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ማን እንደጻፈው ይታይሃል አይደል?»

«አይታይም ጋሼ» አልኩ።

ዋሸሁ። ለቦት መልእክት ስትልክ የአካውንትህ መለያ ቁጥር አብሮ ይመጣል፤ ስም ካለህም ስምህ። እኔ ደግሞ ተሳዳቢ ቢመጣ ለማገድ ብዬ ሁሉንም ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጬው ነበር።

ያን ሌሊት ላፕቶፑን ከፍቼ ሠንጠረዡን ሳይ አያቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን ስለ ነገሌ ወታደሮች ሲያወራ፣ የጄኔራሉን ስም ይጠራል፤ የወታደሮቹን ግን አንድም ቀን ጠርቶ አያውቅም። ስም ላይ ሲደርስ «ልጆቹ» ብሎ ያልፋል። ቀሪውን በኋላ ከመጻሕፍት አሟላሁት።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ነገሌ ቦረና የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር ምግቡ የማይበላ፣ ውኃውም የማይጠጣ ሆኖበታል። የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው፣ ግን ለወታደሩ አይፈቅዱም። ወታደሮቹና የበታች ሹማምንቱ መኮንኖቹን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው፤ የእነሱን ምግብ አስበሏቸው፣ የእነሱን ውኃ አስጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። የተለቀቁትም አቤቱታው እንደሚታይ ቃል ከተገባ በኋላ ነው።

መንግሥት ነገሩን ሊደብቅ ሞከረ። ግን የጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኞችም ወታደሮች ናቸው፤ ወሬው ከክፍል ወደ ክፍል ሄደ። የካቲት 18 አስመራ ያለው 2ኛ ክፍለ ጦር ተነሣ። ከሁለት ቀን በኋላ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

እኔን የሚገርመኝ የውጤቱ ትልቅነት አይደለም። እነዚያ ወታደሮች ስም የለሽ የሆኑት ለማን እንደነበር ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ አብረው ተኝተው የሚነሡ ሰዎች ናቸው፤ ማን ፈሪ፣ ማን ቀጣፊ፣ ማን ቱግ ባይ እንደሆነ ይተዋወቃሉ። ስም የለሽ የሆኑት ከላይ ሆኖ ለሚያያቸው ብቻ ነው። አዛዡ ነጥሎ የሚቀጣው መሪ አጣ። ከጎን ግን አንዱ ቢያጋንን ሌላው «ኧረ ተው» ሊለው ይችላል። ደግሞም ጥማቱን ማንም ሊፈጥረው አይችልም፤ ሁሉም ቀምሶታል።

በዚያው ዓመት ሰኔ 21 የተቋቋመው ደርግም ስም የለሽ ሆኖ ነው የጀመረው። ከየጦር ክፍሉ የተውጣጡ ከመቶ በላይ ሰዎች ነበሩ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ሲያወርዱ ሕዝቡ አብዛኞቹን በስም አያውቃቸውም። በ1966 ክረምት ደግሞ «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በድብቅ መሰራጨት ጀመሩ። ጸሐፊ የላቸውም፣ አድራሻ የላቸውም። እስቲ አስቡት፤ መንግሥቱም ተቃዋሚውም ፊቱን ሸፍኖ የሚነጋገርበት አገር!

የኅቡዕ ድርጅት አባል በህዋስ ተከፋፍሎ፣ በተለወጠ ስም ይኖራል፤ ከጥቂት ጓዶቹ በላይ እንዳያውቅ ተደርጎ። ቢያዝ ብዙ ሰው እንዳያስይዝ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል፣ እኔም ሲስተም ስሠራ እንደዚያ ነው የምከፋፍለው። ግን ከነገሌው ሰፈር የተለየ ነው። ከጎንህ ያለውን ካላወቅህ፣ የሰማኸውን በማን ትለካዋለህ? ጥርጣሬ ገባ። መንግሥት ደግሞ ስም ፈለገ፦ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ከጦር መሣሪያ እኩል የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መሣሪያ ይፈለግ ነበር። በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የማጋለጥ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቤተሰቡ ያላለፈበት የለም ማለት ይቻላል፤ እዚህ አልዘረዝረውም።

እኛ አገር ውኃ ያለ ስም አይገኝም። የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ቱላዎቹ፣ ሰው ከታች እስከ ላይ ተደርድሮ እየዘፈነ ነው የሚቀዳባቸው። ተራውን የሚያስይዙት አባ ሄሬጋ የማን ልጅ፣ የየትኛው ጎሳ እንደሆንክ ያውቃሉ። እዚሁ አሬሮ ወረዳ፣ ገዮ ላይ በየስምንት ዓመቱ በሚካሄደው ጉሚ ገዮም ሰው ቆሞ፣ እየታየ ነው የሚከራከረው። ያ ግልጽነት እንከን የለውም አልልም። ድሃ ወይም ሴት ሆነህ እዚያ መሐል ተነሥተህ የሀብታሙን ስም መጥራት ቀላል አይደለም። የቦቴው ጸሐፊ ወደ እኔ የመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

እና እኔ ምን ሰጠሁት? የነገሌን ግልባጭ። ጎረቤቱ አያውቀውም፤ ስለዚህ «ልክ ነህ» ወይም «አጋነንክ» የሚለው የለም። ከላይ ያለው ግን ያውቀዋል። ከላይ ያለው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስልኬ ሲጠራ ድምፄ የሚንቀጠቀጥ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ።

ጋሼ ሁለተኛ ጊዜ ደወሉ። አላነሣሁም። ያን ሌሊት መለያ ቁጥሮቹ ያሉበትን ሠንጠረዥ ሰረዝኩ፣ ባክአፑንም ከሰርቨሩ ፈልጌ አጠፋሁ፣ ኮዱን ቁጥሩን ሳያስቀምጥ እንዲያስተላልፍ አድርጌ ቀየርኩት። ቢሆንም መልእክቱ ሲገባ ማየት ከፈለግኩ አሁንም ማየት እችላለሁ። ስለዚህ ቦቱ ሲከፈት የሚታየውን ሰላምታ አውጥቼ ይህን ተካሁበት፦ «ጎረቤትህ አያይህም። ይህን የሠራው ሰው ግን ሊያይህ ይችላል። አስበህ ጻፍ።»

በዚያ ሳምንት ሦስት መልእክት ብቻ ገባ። ሁለቱ የፍቅር ናቸው። ሦስተኛው «አንተስ ማነህ?» ይላል።

ስሜን ጻፍኩለት።