ከቀለም ቀንድ እስከ ካርትሪጅ



ባለፈው ሳምንት ጎፋ አንዲት ፋርማሲ ገብቼ ሁለት ባለ 5 ሚሊ ስሪንጅ ጠየቅሁ። ልጅቷ ሽበቴን አይታ «አባባ፣ ለኢንሱሊን ከሆነ የራሱ ስሪንጅ አለው፤ ይሄ አይሆንዎትም» አለችኝ። «ለፕሪንተር ነው ልጄ፣ ቀለም ልሞላበት» ስላት ሳቀች። ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳ ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ መርፌው ረዘም ያለ ይሁንልዎት፤ ስፖንጁ ውስጥ ጠልቆ ካልገባ ከላይ ከላይ ይሞላና ይፈስብዎታል» አለኝ። ሙያተኛ ነው! ለካ በሰፈሩ ብቻዬን አይደለሁም።

ቤት ገብቼ ጣቶቼ እስኪጠቁሩ ስሞላ አመሸሁ። የታሪክ አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ልማዱ አይለቀውምና፣ ሰው በገዛ ቤቱ ቀለም ማሰናዳት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው እያልኩ ማውጠንጠን ጀመርኩ። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ማታ ውጤት ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በአማርኛ ቀለም ማለት ትምህርትም ነው። የተማረውን «ቀለም የዘለቀው» እንላለን፤ በጣም ሲዘልቀው ደግሞ «የቀለም ቀንድ» ይሆናል። እናንተም ከፊት ወንበር የማይጠፋውን ልጅ «ቀለሜዋ» እያላችሁ ስታበሽቁት አልረሳውም። የቀለም ቀንድ ግን መጀመሪያ እውነተኛ ቀንድ ነው። ቁም ጸሐፊው ሁለት የከብት ቀንዶች ጫፋቸውን መሬት ላይ ተክሎ፣ በአንዱ ጥቁር በሌላው ቀይ ቀለም ይዞ፣ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ይጽፍ ነበር። ቀዩ ለቅዱሳን ስሞችና ለመክፈቻ መስመሮች ነው። ጥቁሩን ራሱ ይሠራዋል፦ ከምጣድና ከድስት ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ፣ እስኪከስል የተቆላ እህል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ የግራር ሙጫ። ይወቀጣል፣ በውኃ ይለወሳል፣ ከዚያ ለወራት ይብላላል። አሠራሩ ከቦታ ቦታና ከመምህር መምህር ይለያያል፤ ጥቀርሻውና ሙጫው ግን ዋናዎቹ ናቸው። በዚህ ቀለም የተጻፉ መጻሕፍት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ትናንት የተጻፉ ይመስላሉ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ሰው ቀለም ሲያልቅበት የሚሄደው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ማድ ቤት ነበር።

ማተሚያ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ «አእምሮ» የተባለችው ጋዜጣ ስትጀመር በእጅ እየተገለበጠች በ24 ቅጂ ነበር የምትወጣው፤ ቆይታ ነው ወደ ማባዣና ወደ ማተሚያ የተሻገረችው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የተጠራችው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. ወጣች። ጽሑፍ በዛ፤ ቀለም ግን ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ዕቃ ሆነ።

ወደ ቤት የመለሰው ስቴንስል ነው። የእናንተ ዘመን ልጆች አታውቁትም መሰለኝ። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት አለ። የታይፑን ሪባን ታነሳና ፊደሉ በቀጥታ ሰሙን እንዲበሳው ትመታለህ። ወረቀቱን ማባዣው ከበሮ ላይ ትጠቀልላለህ፤ ከውስጥ ያለው ወፍራም ቀለም በተበሳው በኩል ብቻ ያልፋል። እጀታውን ስታዞረው ወረቀቱ ይወጣል። መብራት እንኳ አያስፈልገውም። የተማሪው እንቅስቃሴ ወረቀቶች የተበተኑት በዚህ ዘዴ ነው። በኋላም የኢሕአፓዋ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶኗ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በኅቡዕ የተባዙት በስቴንስል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሳሪስ አጎቴ ቤት ነበር የምኖረው። አጎቴ አስተማሪ ነው። ፈተና የሚመታው ማታ ቤት ውስጥ ስለነበር፣ አልጋው ሥር ጥቂት ስቴንስልና አንድ ትልቅ ቱቦ የማባዣ ቀለም ነበረው። ሌላ ምንም የለም። የማንም ድርጅት አባል አልነበረም፤ ፖለቲካ ሲነሳ ክፍሉን ለቅቆ የሚወጣ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ከመሣሪያ ሌላ የሚፈለገው ታይፕና ማባዣ እንደሆነ ወሬው ደርሶናል። «የፈተና ቀለም ነው» ብትል ማን ያምንሃል? ቀለም ላይ ምን እንደሚጻፍበት አልተጻፈበትም።

የአጎቴ ሚስት ሌሊት ተነስታ ስቴንስሎቹን ምድጃ ውስጥ ከተተች። ሰም ስላለባቸው ቦግ ብለው ነደዱ፤ እሷ ደግሞ በብርሃኑ ደንግጣ ነጠላዋን መስኮቱ ላይ ዘረጋችበት። ቱቦውን ጓሮ፣ ጌሾው ሥር ቀበረችው። አሳሾቹ መጥተው አልጋውን ገልብጠው፣ የአጎቴን ጣቶች አገላብጠው አይተው ሄዱ። ጣቶቹን ሦስት ቀን ሙሉ በአመድና በሎሚ ሲፈትግ ነው የሰነበተው። በክረምቱ ቱቦው ፈንድቶ ይሁን በስብሶ፣ ከጌሾው ሥር የሚወርደው ጎርፍ ጠቁሮ ግቢውን አቋርጦ በበር ሲወጣ አየነው። የአጎቴ ሚስት ዝናብ ላይ ቆማ አፈር ስትመልስበት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

አሁን ወደ ስሪንጄ ልመለስ።

ቀለምን ወረቀት ሳይነኩ መርጨት የቆየ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሎርድ ኬልቪን፣ በባሕር ውስጥ ገመድ የሚመጣውን ደካማ የቴሌግራፍ ምልክት የሚመዘግብ መሣሪያ ፓተንት አወጣ፤ ከቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀለም በኤሌክትሪክ ኃይል እየተፈናጠረ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። (የእኛ ክፍለ ከተማም ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚነጋገረው ስልክ አይደል? ዝምድና አለን ማለት ነው።) በ1951 ደግሞ ስዊድናዊው ሩኔ ኤልምክቪስት የልብ ምት መመዝገቢያ ማሽን ላይ ቀለም የሚረጭ ጫፍ ገጠመ። ይሄው ሰው ነው በ1958 በሰው አካል ውስጥ የተቀበረውን የመጀመሪያውን የልብ ምት መቆጣጠሪያ የሠራው።

ቤታችን ያለው ፕሪንተር የተወለደበት ታሪክ ግን ይበልጥ ይገርማል። በ1977 ጃፓን፣ ካኖን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የጋለ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ቀለም የተሞላ ስሪንጅ መርፌ ነካ። ቀለሙ ከመርፌው ጫፍ ፊጭ አለ። ሙቀት አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ቀለሙን ይገፋል፤ በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። አያችሁ? ኢንክጄት የተወለደው ከስሪንጅ ነው። ጎፋ ፋርማሲ ወረፋ መያዜ ወግ ያለው ነገር ነው ማለት ነው።

ኤችፒ በ1984 ቲንክጄትን ሲያወጣ ቀለሙንና የሚረጨውን ጫፍ አንድ ላይ አድርጎ፣ ሲያልቅ የሚጣል አደረገው። ጫፉ ሲደፈን አዲስ ስለምትገጥም ለተጠቃሚው ጥሩ ነበር፤ ለንግዱ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ሆነ። ፕሪንተሩን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከቀለሙ መልቀም ልማድ ሆነ። ሰዉ መሙላት ሲጀምር ካርትሪጁ ላይ ቺፕ ተለጠፈ። ቺፑ ቀለም ስለ መኖሩ ካርትሪጁን አያይም፤ ይቆጥራል። ቆጥሮ «አልቋል» ካለ አልቋል፣ እያንቦጫረቀም ቢሆን። ሌክስማርክ የተባለው ኩባንያ ለቶነር ካርትሪጁ የሚሆን ቺፕ የሠራውን ድርጅት ከስሶ በ2004 በይግባኝ ተረታ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንዴ የሸጥከውን ካርትሪጅ ገዢው ቢያስሞላው በፓተንት ሕግ ልትከሰው አትችልም ብሎ በዚያው ኩባንያ ላይ ፈረደ።

ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ነገሩን የለወጡት ግን እንደኛ ያሉ ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰዉ ፕሪንተሩ ጎን ጠርሙስ አስሮ፣ በቀጭን ቱቦ ቀለም እያስገባ ማተም ለመደ። ኤፕሰን ይሄን አይቶ በ2010 እዚያው ኢንዶኔዥያ ከጠርሙስ የሚሞላ ባለ ታንክ ፕሪንተር ይዞ ወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ፎቶ ቤቱም፣ ጽሕፈት ቤቱም፣ ወረዳ ደጃፍ ላይ ፎርም የሚሞላውም ይሄንን ነው የያዘው። ትናንት «ዋስትናህን ታጣለህ» የሚያስብለው ሥራ ዛሬ ከማሽኑ ጋር መመሪያ ይዞ ይመጣል።

የኔው ግን አሮጌ ነው፣ ካርትሪጅ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየሞላሁ ነው። ያኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፕሪንተር ነበረው፣ ቀለም ግን አልነበረውም። አዲስ ካርትሪጅ ከደሞዜ ጋር ስለማይተዋወቅ ከመርካቶ የጠርሙስ ቀለም ገዝቼ ወርክሺታችሁን ቤት አትም ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ የ9ኛ ክፍል 3 ሴክሽኖች ፈተና ሊኖራችሁ ሌሊቱን ጥቁሩ አለቀብኝ። የነበረኝ ለቀለማቱ የሚሆነው በውኃ የሚሟሟ ጥቁር ነው። በአብዛኛው የእነዚህ ካርትሪጆች ጥቁር ግን ደቃቅ ካርቦን የተበተነበት ነው፤ በሌላ አነጋገር የቁም ጸሐፊው ጥቀርሻ። «ቀለም ቀለም ነው» ብዬ ቀላቀልኩት። ሁለቱ ተያይዘው ረጉና ጫፉን ደፈኑት። ጠዋት ፈተናውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የጻፍኩላችሁ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁት «አይታይም!» እያላችሁ የጮኻችሁብኝ ቀን፣ ምክንያቱ ይሄ ነበር። መብራት ጠፍቶ ነው ያልኳችሁ ውሸት ነው። ይቅርታ።

ስለዚህ የምትሞሉ ካላችሁ፦ ጥቁሩን ከጥቁሩ ዓይነት አታቀላቅሉ። ባለ ሦስት ቀለሙን ከመሙላታችሁ በፊት በየቀዳዳው ስቴኪኒ አስገብታችሁ የቱ የቱ እንደሆነ እዩ፤ የሁሉም አቀማመጥ አንድ አይደለም። ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ ስፖንጁ እስኪጠጣ ጠብቁት። ሞልቶ ብቅ ሲል ትንሽ መልሳችሁ ሳቡ፣ ጫፉን እርጥብ ሶፍት ላይ አሳርፉት። ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትጠብቁ። ጫፉ ውስጥ ያለው ማሞቂያ የሚቀዘቅዘው በቀለሙ ነው፤ ባዶውን ሲሠራ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ መሙላት ዋጋ የለውም።

ጣት ላይ የቀረውን ሎሚ ያስለቅቀዋል፤ አመድ ከተጨመረበት ደግሞ ፈጠን ይላል። ይሄን ያወቅሁት ከአጎቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት በሞላሁት ለጎረቤቴ ልጅ የ8ኛ ክፍል የድሮ ጥያቄዎች 40 ገጽ አተምኩለት፤ ጥቁሩ ልክ እንደ አዲስ ነው። ቢጫው ግን እምቢ ብሎኛል፤ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌው አልተከፈተም። ያ ጎረምሳ ይሄን ካነበበ፣ ወይ ከእናንተ የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።