ኬሞቴራፒ ፀጉርን ለምን ያረግፋል? ከጦር ሜዳ መርዝ እስከ ካንሰር መድኃኒት

ፀጉራቸው እንዳይረግፍ ፈርተው ኬሞቴራፒ የሚያዘገዩ፣ ጀምረውም የሚያቋርጡ ታካሚዎች አሉ። የልጃቸው ፀጉር ሲረግፍ «በሽታው ብሶበት ይሆን?» ብለው የሚጨነቁ ወላጆችም ብዙ ናቸው። የመድኃኒቱን ታሪክ ማወቅ ይህን ፍርሃት ያቀላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመርዝ ነው። የሰናፍጭ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ጥቅም ላይ ዋለ። ፋሺስት ጣሊያንም በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ሕዝብ ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበችው ይህንኑ መርዝ ነበር። በጋዙ የተጎዱ ወታደሮችን የመረመሩ ሐኪሞች ነጭ የደም ሴላቸው በእጅጉ ማነሱን አስተዋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማን እና አልፍሬድ ጊልማን ከዚህ ተነስተው፣ የጋዙን የቅርብ ዘመድ ናይትሮጅን መስታርድን የሊምፍ ካንሰር ላለበት ታካሚ በደም ሥር እንዲሰጥ አደረጉ። ዕጢው በፍጥነት ሟሸሸ፤ በኋላ ግን ተመለሰ። ቢሆንም በር ተከፈተ። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ሳይክሎፎስፋሚድ የዚሁ መድኃኒት ዝርያ ነው።

ታዲያ ፀጉር ምን አገባው? እነዚህ መድኃኒቶች የሴሉን ዲኤንኤ ጎድተው እንዳይባዛ ያደርጉታል። ካንሰርን ብቻ ለይተው ግን አይመቱም፤ በፍጥነት የሚባዛውን ሁሉ ይነካሉ። በፀጉር ሥር ያሉ ሴሎች ደግሞ በሰውነታችን ውስጥ በፍጥነት ከሚባዙት መካከል ናቸው። ከራስ ፀጉራችን 90 በመቶ ያህሉ ምንጊዜም በማደግ ላይ ስለሆነ፣ ሥሩ ሲጎዳ ፀጉሩ ቀጥኖ ይሰበራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ መርገፍ ይጀምራል።

መልካሙ ዜና፣ ፀጉርን እንደገና የሚያበቅሉት ግንደ ሴሎች ቀስ ብለው ስለሚባዙ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። ሕክምናው ካለቀ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ፀጉር ይመለሳል፤ መጀመሪያ ላይ ቀለሙ ወይም ጥቅልሉ ሊለወጥ ይችላል። ሳይመለስ የሚቀረው አልፎ አልፎ ነው።

ስለዚህ፦

✅ የፀጉር መርገፍ በሽታው ለመባሱ ምልክት አይደለም። አለመርገፉም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ሁሉም ኬሞቴራፒ ፀጉር አያረግፍም።

✅ ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ ተመልሶ እንደሚበቅልም ያስረዱት።

✅ በፀጉር ምክንያት ቀጠሮ አያሳልፉ።

⚠️ መድኃኒቱ ዛሬም ነጭ የደም ሴልን ይቀንሳል። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ፀጉር ይመለሳል፤ የተቋረጠ ሕክምና ግን ለካንሰሩ ጊዜ ይሰጠዋል።