የቃኘው አባቶች ዜና ዕረፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ባሕር ተሻግረው በኮሪያ ምድር የተዋጉ፣ ወደ አገራቸውም ተመልሰው ሸምግለው ያረፉ የቃኘው ሻለቃ አባቶች ዜና ይህ ነው። የተጻፈውም ስለ ክብራቸው፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው፣ በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር አብረዋቸው ማኅበር ለጠጡና በአንድ ዕድር ለተዛዘኑ ጎረቤቶቻቸው ነው። ጸሐፊው ለእነርሱ እንደሚያደላ አይሸሽግም፤ ለውለታ የማያደላ ብዕር ምን ይረባል?

በቅርብ ዓመታት ያረፉትን በየስማቸው አልጠራንም። ብዙ ናቸው፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው ደግሞ በደል ነው። ስማቸው በየደብሩ መዝገብ፣ በየዕድሩ ደብተር፣ በየቤቱም ግድግዳ ላይ ይገኛል። እኛ የምንጽፈው በአንድነት የሠሩትንና በአንድነት የሆኑትን ነው።

ጥንቱ እንዲህ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው አቤት አሉ። ኃያላኑ ሰሙ፤ አልረዱም። ዐሥራ አራት ዓመት አለፈና ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ለርዳታ ሲጣራ፣ ጮኻ የሚደርስላት ያጣችው ኢትዮጵያ «አለሁ» ብላ ተነሣች። ከአፍሪካ አገሮች መካከል እግረኛ ጦር የላከች እርሷ ብቻ ናት። ግፍ የቀመሰ ሰው ለሌላው ግፍ ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህንንም እግዚአብሔር ቆጥሮታል ብለን እናምናለን።

ጦሩ ከክቡር ዘበኛ ተመረጠ። በዚያን ጊዜ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። የጦሩም ስም በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ፤ ልዑሉ የንጉሠ ነገሥቱ አባት፣ በአድዋም ከዘመቱት መኳንንት አንዱ ናቸውና ለዘማች የሚገባ ስም ነው። በዘመነ ሉቃስ፣ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሰንደቅ ዓላማውን በገዛ እጃቸው ሰጥተው አሰናበቷቸው። ሚያዝያ 8 ቀን ከጅቡቲ በመርከብ ተነሡ። የተነሡት በዐቢይ ጾም ነበር፤ የትንሣኤን በዓል በውቅያኖስ ላይ ዋሉ። ሚያዝያ 28 ቀን ፑሳን ወደብ ደረሱ። የዘመቻው ጦር የበላይ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሁለተኛውን ሻለቃ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት።

ስለ ውጊያቸው በሰፊው እንጽፋለን፤ ይገባቸዋልና። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰለፉ። አዲስ ጠመንጃ ተቀብለው፣ አዲስ ቋንቋ እየሰሙ፣ ከለመዱት የደጋ ብርድ እጅግ የባሰውን የኮሪያ ክረምት በምሽግ ውስጥ ተቀበሉት። ነገር ግን ተራራው አላስደነገጣቸውም፤ ተራራ የተወለዱበት ነው። በመስከረም 1944 ዓ.ም. 602 የተባለውን ኮረብታ ለማስለቀቅ ወጡ። ሽቅብ እየተተኮሰባቸው ወጡ፤ ከቀረቡም በኋላ ሳንጃ ወድረው ገቡ፤ ያዙትም። በጥቅምት 1945 ዓ.ም. ተረኛው ሻለቃ የብረት ሦስት ማዕዘን በተባለው ግንባር ተሰለፈ። እዚያ አንድ ኮረብታ በሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ አፈሩም ከጥይት ብዛት እንደ ዱቄት ላመ።

ከሁሉም የሚበልጠው የግንቦት 1945 ዓ.ም. ሌሊት ነው፤ ዘመኑም ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ሦስተኛው ሻለቃ አገሩን ከረገጠ ገና አንድ ወር ያህሉ ነው። ፖርክ ቾፕ በተባለው ኮረብታ አካባቢ፣ ዮክ እና አንክል የሚባሉ ሁለት የፊት ምሽጎች በእነርሱ እጅ ነበሩ። መቶ አለቃ ዘነቀ አስፋው ጥቂት ሰዎች ይዞ በጨለማ ወደ ሸለቆው ወርዶ አደፈጠ። ከእርሱ ወገን እጅግ የሚበዛ የቻይና ጦር መጣ፤ እርሱና ሰዎቹም ሳያፈገፍጉ ገጠሙት። በኮረብታው ላይ ያሉትም የምሽጉን አፍ ይዘው እስኪነጋ ተዋጉ። ሲነጋ ምሽጎቹ በኢትዮጵያውያን እጅ ነበሩ። ይህን ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካዊው የጦርነት ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ከግንባሩ ሰዎች አፍ ሰምቶ በመጽሐፉ መስክሮላቸዋል። እጅግ የደነቀውም ይህ ነው፦ የቆሰለውንም ሆነ የሞተውን ለጠላት ጥለው አልተመለሱም።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ። በጦርነቱ ዘመን የተሰለፉት 3,518 ነበሩ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ 536 ቆሰሉ። 253 ጊዜ ተዋግተው በሁሉም ድል እንደነሡ በታሪካቸው ተጽፏል። ምርኮኞች ሲለዋወጡ ከሌሎች አገሮች ወታደሮች ብዙዎች ከእስር ወጡ፤ ከቃኘው ግን የተመለሰ አልነበረም፣ የተማረከ አልነበረምና። የሞቱትም በባዕድ ምድር አልቀሩም። በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዛሬ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም፤ ዐፅማቸው ሁሉ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ስለ ርኅራኄያቸውም እንጽፍ፤ ጀግንነት ያለ ርኅራኄ ጎደሎ ነው። በዶንግዱቾን ከተማ ጦርነቱ አባትና እናት ያሳጣቸውን ሕፃናት ሰብስበው ቦህዋ የተባለውን የሙት ልጆች ማሳደጊያ ረዱ፤ ከስንቃቸው አካፈሉ፤ ከደመወዛቸው ሰጡ። የቀይ መስቀል ነርሶቻችንም ተሻግረው ቁስለኛ አስታመዋል፤ ከእነርሱ ጋር ሊታሰቡ ይገባል። ከተኩስ ማቆሙ በኋላ ተተኪዎች ሄደው ሰላሙን ጠበቁ። የመጨረሻዎቹ እስከተመለሱበት እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው የዘመቱት 6,037 ናቸው።

በዘመነ ዮሐንስ፣ በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኮሪያ ሄደው በቹንቾን ከተማ ለቃኘው የቆመውን የመታሰቢያ ሐውልት መረቁ። ቹንቾን ሐውልቱን ያቆመችው ተዋጊዎቹ ገና ጎልማሶች ሳሉ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ዐሥርት ዓመታት ቆይታ በአፍንጮ በር በኩል መታሰቢያ ሠርታላቸዋለች።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ጊዜ በክቡር ዘበኛ ላይ የሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም በዚያው ወር አረፉ። ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ካስገደላቸው ሌሎች ጋር አረፉ። ነፍሳቸውን ይማርልን።

ከዚያ በኋላ ስላለው ዘመን የተጻፈ ጥቂት ነው። የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ጊዜ በኮሪያ ተዋግቻለሁ ማለት የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም። ሜዳሊያዎቹ ከደረት ወርደው ወደ ሣጥን ገቡ። አባቶቹ ግን አላጉረመረሙም። አንዱ ዘበኛ ሆነ፤ አንዱ ጥቂት መሬት አረሰ፤ አንዱ ልጆቹን በችግር አስተማረ። ሚስቶቻቸው እንጀራ ሸጠው ጠላ ጠምቀው ቤቱን አቆሙ፤ የእነዚህ እናቶች ጽናት ከዘመቻው አያንስም።

ዘመን ሲለወጥ ሣጥኑ ተከፈተ። በ1996 ዓ.ም. ቹንቾንና አዲስ አበባ እኅትማማች ከተሞች ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. በቹንቾን የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ፣ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ለሽማግሌዎቹም ክብር ሰጡ። ኮሪያ ውለታ የምትቆጥር አገር ናት። አዳራሽና መንገድ ሞልቷት ሳለ በሩቅ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አሥር አለቃን አለመርሳቷ ታላቅነቷን ያሳያል።

እነዚህ አባቶች በሰፈራቸው በማዕረጋቸው ይጠሩ ነበር። ልጅ በመንገድ ሲያገኛቸው ቆሞ ያሳልፋቸዋል፤ «እንዴት አደሩ ሻምበል»፣ «ጤና ይስጥልኝ ባሻ» ይላቸዋል። በበዓል ቀን ኮታቸውን ተኩሰው ይወጣሉ። ያ ኮት ሊታይ የሚገባው ነው። በግራው ደረት ላይ ሪባናቸው የወየበ ሜዳሊያዎች በመደዳ ተሰክተዋል፤ የተባበሩት መንግሥታቱ ሜዳሊያ ሰማያዊና ነጭ መስመሩ ታጥቦ እንደ አመድ ሆኗል። በእጅጌው ትከሻ የ7ኛ ክፍለ ጦር ምልክት ተሰፍቷል፦ ቀይ ክብ ሆኖ በመካከሉ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች አሉበት። የላላውን ክር የቤት እመቤቷ በሌላ ቀለም ክር መልሳ ሰፍታዋለች። ከኮቱ ውስጥ ያለው ሰውነት በየዓመቱ እየሳሳ ስለሄደ ትከሻው ሰፍቶባቸዋል፤ ቁመታቸው ግን ሰንደቅ ሲሰቀል ይቀናል።

ከዚያም አንድ በአንድ ማረፍ ጀመሩ። ማለዳ የዕድሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ሰፈሩ የማንን ስም ሊሰማ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ድስት ከዕድሩ ቤት ይወጣል። አስከሬኑ በሰንደቅ ዓላማ ይሸፈናል፤ ሜዳሊያዎቹም በትራስ ላይ ተደርገው በፊት በፊት ይሄዳሉ። የቀሩት ጓዶቹ በከዘራ ተደግፈው ይመጣሉ። ከዘራውን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ሰላምታ ይሰጣሉ። ክርስቲያኑ በፍትሐትና በጸሎት፣ ሙስሊሙም በሶላትና በዱዓ ይሸኛል፤ በአንድ ምሽግ የተኙ ስለሆኑ በለቅሶውም አልተለያዩም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ ይህም ወግ ተቋረጠ። መሰብሰብ ተከለከለ። ኮሪያ ለ22ቱ የዘማች አገሮች ሽማግሌዎች አንድ ሚሊዮን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ላከች፤ የኛዎቹም ደረሳቸው። ነገር ግን በዚያ ዓመት ያረፉት ጓዶቻቸው ሳይሰናበቷቸው በጥቂት ሰው ተቀበሩ። ማንንም በግንባር ጥለው ያልመጡ ሰዎች በመጨረሻው መንገድ ያለ አጃቢ መሄዳቸው ያሳዝናል። እግዚአብሔር መላእክቱን አጃቢ እንዳደረገላቸው እናምናለን።

ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ዘጠና አልፏል። በለቅሶ ቤት የሚቀመጡበት የፊት ወንበር ረድፍ ከዓመት ወደ ዓመት አጠረ።

ስለ እነርሱ የምንፈርደው ይህ ነው። ጎበዞች ነበሩ፤ ድሆች ሆነው ኖሩ፤ ማንንም ሳይከስሱ አረፉ። ለአገር የሰጡት አገር ከሰጠቻቸው ይበልጣል። የቀረውን ዕዳ ገንዘብ አይከፍለውም፤ ሰዎቹ የሉምና። በስም መጥራት ግን ጥቂቱን ይከፍላል። የጦሩ ቁጥር ተጽፏል፤ የየአንዳንዱ ሰው ዜና ግን ገና አልተጻፈም። ልጆቻቸው ካልጻፉትም ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ይህን የምታነብ የዘማች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሆይ፣ አባትህ ወይም አያትህ የሄዱት በስንተኛው ሻለቃ እንደነበረ ዛሬውኑ እናትህን ጠይቅ። የግድግዳውን ፎቶግራፍ አውርደህ በጀርባው ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ማዕረጋቸውን፣ የዘመቱበትንና ያረፉበትን ዓመት በእርሳስ ጻፍ። የተቀበሩበትን ደብር ወይም መካነ መቃብር ጨምርበት። አንዱን ቅጂ ለዘማቾቹ ማኅበር ስጥ፤ አንዱንም በቤትህ አኑር። የአባቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን።