ስለ ውጅግራ ጠመንጃና ስለ ባለቤቱ

ነፍጥ የሚለው ቃል ከዐረብ ቋንቋ ጋራ የተዛመደ ነው። አስቀድሞ የሚቀጣጠለውን ዘይት ይጠሩበት ነበረ፤ ኋላ ለባሩዱ፣ ከባሩዱም ለጠመንጃው ስም ሆነ፤ ባለ ጠመንጃውም ነፍጠኛ ተባለ። ስለዚህ የጋሞን አገር ታሪክ የሚመረምር ሰው መሣሪያውንም ሊያውቅ ይገባዋል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን እጅግ ከታወቁት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙ ፈረንሳዮች ፉዚል ግራ ከሚሉት የተለወጠ ነው፤ ግራ የተባለውም ባዚል ግራ የሚባል መኰንን ነው። የፈረንሳይ ጦር ጠመንጃውን የተቀበለው በ1866 ዓ.ም. ነበረ። መዝጊያው እንደ በር መወርወሪያ ነው፤ እጀታውን አንሥተው ወደ ኋላ ሲስቡት ይከፈታል፤ አንድ ጥይት አግብተው፣ ወደ ፊት ገፍተው ሲያጥፉት ይዘጋል።

ባለቤቱ የሚያመሰግነው ረቂቅ ብልሃት ስለሌለበት ነው፤ በጨርቅና በቅባት ብቻ ይጠበቃል፤ ቀለሁም እንደ ገና ባሩድ ሊሞላ ይችላል። የሚነቀፍበትም አልታጣም። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱም ከ4 ኪሎ በላይ ስለ ሆነ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሸክም ነው። 11 ሚሊሜትር ጥይቱ ሲተኰስ ሰደፉ ትከሻን ይመታል፤ የጥቁሩ ባሩድ ጢስም ተኳሹን ለጠላቱ ያሳያል። 8 ጥይት በሆዱ የሚይዘው፣ ጢስ አልባው ሌቤል በመጣ ጊዜ ውጅግራ አረጀ። ቢሆንም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነጻነትን ከጠበቁት መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነበረ።

ነፍጥ ግን በዐድዋ ያሳየው መልክና በጋሞ ደጋ ያሳየው መልክ አንድ አይደለም። በዚያው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሲገባ የአገሩ ሰው መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነበረ። ወታደሩ ደመወዝ ስላልነበረው በማዕርጉ ልክ ገባር ተሰጠው። ገባሩም እህል ያገባል፤ ዱቄት ይፈጫል፤ ቤትና አጥር ይሠራል። ጥይትም በብዙ ስፍራ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበረ። እንግዲህ ጠመንጃ ጥይት ሲጐርስ ሁሉ ያየዋል፤ እህል ሲጐርስ ግን የሚያውቀው ገባሩ ነበረ። ይህም ሥርዐት ከጣልያን ወረራ በኋላ በየጊዜው ቢሻሻልም፣ የመሬት ከበርቴነት ፈጽሞ የቀረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው።

ጋሞዎች ግን ከነፍጥ በፊት የነበረ ሌላ ኀይል አላቸው፤ ይኸውም በዱቡሻ ተሰብስቦ መምከርና እርጥብ ሣር ይዞ መለመን ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው ስለ ተገደሉ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ ሽማግሎች ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሊያስቆማቸው ቢሞክር ደም ይፈስ ነበረ፤ ለተንበረከከ አባት ግን መንገድ ለቀቁ።