ፋይሉ አለ፣ ፊደሉ የለም

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በ1990ዎቹ በኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ዛሬ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ ወይም የአባት ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ ይከፈታል፤ የሚታየው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ቫይረስ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ታሪኩ አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ይጀምራል። በ1960ዎቹ በትልልቆቹ የአይ.ቢ.ኤም ማሽኖች ላይ ፋይል ማለት እንደ ቅጽ የተሰመረ ነገር ነበር። ከባለ 80 ዓምዱ የቀዳዳ ካርድ በተወረሰ ልማድ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው የመዝገቡን ቅርጽና ርዝመት አስቀድሞ መናገር ነበረበት። በ1969 ዩኒክስን መሥራት የጀመሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ይህን ጣጣ ወዲያ አሉት። ለእነሱ ፋይል የባይት ሰልፍ ነው፤ በቃ። ትርጉሙን የሚያውቁት የጻፈውና የሚያነበው ፕሮግራም ናቸው እንጂ ሲስተሙ ምን አገባው? ክፈት፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ዝጋ። አለቀ።

ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው ሲ የተባለው ቋንቋም ይህንኑ ይዞ ዓለምን ዞረ። ዛሬ በፓይተን ወይም በፒ.ኤች.ፒ ፋይል የሚከፍት ልጅ ለማንበብ «አር»፣ አዲስ ለመጻፍ «ደብሊው»፣ ከመጨረሻው ለመቀጠል «ኤ» የሚለው ከሲ ወርሶ ነው። (በነገራችን ላይ «ደብሊው» ጨካኝ ናት፤ የነበረውን ጠራርጋ ነው የምትጀምረው። ሳታስቡ አትንኳት።)

ነፃነቱ ግን ዕዳ ነበረበት። ባይት ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ሰዎች መስማማት አለባቸው። አሜሪካኖች በ1963 አስኪ የሚባል ሠንጠረዥ አወጡ፤ 128 ቦታ ብቻ ያለው። አንድ ባይት ደግሞ ቢለጠጥ 256 ነው። የእኛስ? 33 ሲባዛ በ7፣ 231። ዲቃላ ፊደላቱን፣ 20ውን የግዕዝ ቁጥሮችና ነጠላ ሰረዙን ምኑን ስትጨምሩበት ከ256 ያልፋል። እንግሊዝኛውማ ከነጭራሹ ቦታ አጣ።

ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች በብልሃት ተወጡት። ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ አንዳንዶቹም ለሁለት ፎንት ከፈሉት። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱን ሠንጠረዥ መሥራቱ ነበር። ያንዱ «ለ» ለሌላው «መ» ሊሆን ይችላል። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ደግሞ ጽሑፉ ተመልሶ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። አይወቀሱም፤ የጋራ ሠንጠረዥ ገና አልነበረማ!

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። በመስከረም 1992 ያው ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር ኒው ጀርሲ ውስጥ እራት ቤት ተቀምጦ፣ በጠረጴዛ ወረቀት ላይ ዩ.ቲ.ኤፍ ስምንት የተባለውን አጻጻፍ ነደፈ። አንድ ፊደል እንደ አስፈላጊነቱ ከአንድ በላይ ባይት ይይዛል፤ የአስኪ ፋይሎችም ሳይነኩ ይነበባሉ። በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል በሠንጠረዡ አካተተ። «ሀ» 4608 የሚል ቁጥር ተሰጣት፤ ፋይል ውስጥ 225፣ 136፣ 128 የሚሉ ሦስት ባይቶች ሆና ትቀመጣለች። «ሰላም» ስንል ዘጠኝ ባይት ጻፍን ማለት ነው። በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈው ተርፏል። ከዚያ በፊት የተጻፈውስ? ባይቶቹ አሉ፤ ስምምነቱ ነው የጠፋው። የፎንቱን ስም ያወቀ ሰው፣ አሮጌውን በባይት የሚያነብ፣ በሠንጠረዥ እያመሳከረ በዩኒኮድ የሚጽፍ አጭር ፕሮግራም መሥራት ይችላል። ፎንቱ ከተረሳ ግን ሥራው ምስጢር መፍታት ይሆናል።

ስለዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች፣ ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን በግልጽ ጥቀሱ፤ ማሽኑ ይገምትልኝ አትበሉ። ቤት ውስጥ አሮጌ ፍሎፒ ወይም ሲዲ ያላችሁ ደግሞ፣ የጻፈው ሰው በሕይወት ሳለ በምን ፎንት እንደጻፈ ጠይቁት። መጀመሪያ ግን ኮፒ አድርጉ። «ደብሊው»ን ነግሬያችኋለሁ።